የልጅ በር ሃያ አምስተኛው ረድፍ

ከወንዙ ማዶ፣ ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ የአበባ ቦታ አለ። በሮቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ማንም ሰው የሚገባበት ትልቅ በር ነው። ሁለተኛው ግን ከመድረኩ እስከ ጉበኑ አምስት ስንዝር ከሦስት ጣት ብቻ ነው፤ በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ። አገሩ ስሙን ያገኘው ከዚህ ከትንሹ በር ነውና ልጅ በር ይባላል። በየዓመቱ ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን፣ ጎንበስ ሳይል በዚህ በር ማለፍ የሚችል ልጅ ሁሉ ይገባና ያሻውን አበባ ይቀጥፋል፤ ትልልቁ ሰው ልጆቹ እስኪጨርሱ ድረስ ከካቡ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ኅዳር ስድስት፣ የቁስቋም ዕለት ደግሞ አትክልተኛው ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት አበባ ይደረድራል፤ አንድ አይጨምርም፣ አንድ አያጎድልም። አበባ ለማየት ከከተማ የሚመጡ እንግዶች በሁለቱም ነገር ግራ ይጋባሉ። ሕፃን እንዴት አበባ መካከል ይለቀቃል ይላሉ፤ ቁጥሩስ ለምን ሦስት መቶ አይሞላም ብለው ይጠይቃሉ። የሁለቱም መልስ አንድ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ከአባቶቻቸው የሰሙትን እንዲህ ብለው ያወሩታል።

በዚያ ዘመን ቦታው እሜቴ አመለወርቅ የሚባሉ የአንዲት ባለ ርስት ነበር። እሜቴ ትዳር ከያዙ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸውም ልጅ አላገኙም ነበርና፣ ልጅ ብትሰጪኝ በየዓመቱ በበዓልሽ ቀን ሦስት መቶ አበባ በመንገድሽ ላይ አኖራለሁ ብለው ለእመቤታችን ተሳሉ፤ ልጁ እስኪመጣም ሳይጠብቁ አበባውን አስቀድመው ማቅረብ ጀመሩ ይባላል። ዘሩን ከሩቅ አገር የተመለሰ ነጋዴ እንዳመጣላቸው ይነገራል። የአበባውን እውነተኛ ስም የሚያውቅ የለም፤ ተደራርቦ የሚያብብ ቀይ ነውና አገሬው ቀይ ቀሚስ ይለዋል።

አበባውን እንዲያበቅል የተቀጠረው አያ ደምለው የሚባል፣ የራሱ መሬት የሌለው ገበሬ ነበር። እሜቴ ሁለት ጥማድ መሬት ሰጡት፤ ከእርሱ ጋር ስድስት ነፍስ የሚያድረው ከዚያች መሬት በሚገኘው እህል ነው። ውሉ አጭር ነበር፤ በቁስቋም ዕለት ሦስት መቶ አበባ ካደረሰ መሬቱ የእርሱ ነው፣ አንድ ከጎደለ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል።

አያ ደምለው እህል እንጂ አበባ አያውቅም ነበር። ስለዚህ አበባውንም እንደ እህል ይጠብቀው ጀመር፤ በየማታው በጠጠር እየቆጠረ ይገባል። ካቡ ያን ጊዜ የፈራረሰ ስለነበር የሰፈሩ ሕፃናት እየዘለሉ ይቀጥፉበታል፤ እርሱም ዱላ ይዞ ሲያባርር ይውላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ የሞላው ለጥቂት ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት መቶ አራት፣ በሁለተኛው ሦስት መቶ ዘጠኝ፣ በሦስተኛው ሦስት መቶ አንድ። ይህች አንዲቱ አስደነገጠችው። በአራተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ እሜቴ እግር ላይ ወድቆ፣ ልጆቹ መሬቴን ሊያስነጥቁኝ ነው ብሎ አለቀሰ። እሜቴም ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከካቡ እንዳያልፍ አዘዙ። ለስለት የቆመ ነገር ነውና ቀኑ እስኪደርስ የአዋቂም እጅ አይንካው አሉ። ካቡ በዘጠኝ ቀን ተካበ። ክፍት የቀረው በስተ ግርጌ ያለው የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት አያ ደምለው ደስ አለው። መስከረም አሥር ቀን ዘጠና ስድስት ቆጠረ፣ መስከረም ሃያ ቀን መቶ ሰባ አንድ፣ መስከረም ሃያ አምስት ቀን ሁለት መቶ አርባ። ለሚስቱም «ይኸ እንግዲህ ጎተራ የገባ እህል ማለት ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አበቦቹ ጫፋቸው ጠቆረ፣ ራሳቸው ደረቀና ዘር ቋጠሩ፤ አዲስ እምቡጥ የሚባል ጠፋ። ጥቅምት አምስት ቀን መቶ ሠላሳ ሆኑ፣ ጥቅምት አሥር ቀን ሰባ አራት። ውኃ አነሳቸው ብሎ በቀን አርባ እንስራ አጠጣ። ቡዳ በላቸው ብሎ ጠበል ረጨ። የደረቁትን አበቦች ግን ለስለት የቆሙ ናቸውና አልነካቸውም። ጥቅምት አሥራ አምስት ማታ የቀሩት ሠላሳ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ለበዓሉ የቀረው ሃያ አንድ ቀን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በካቡ ግርጌ ሲያልፍ፣ በውኃ መውረጃው ቀዳዳ በኩል አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ አበባ ስትቀጥፍ አየ። ዘሎ አንጓዋን ያዛት።

«ማን ነህ?»

«እኔ ነኝ» አለ ከካቡ ማዶ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«እኔ ማን?»

«እጄን ልቀቀኝና እነግርሃለሁ።»

ልጅቱ ጓሮዋ ከካቡ ጋር የሚዋሰነው የዘርፌ ልጅ፣ የአምስት ዓመቷ ትርንጎ ነበረች። እናቷ ጩኸቱን ሰምታ ከወዲያ በኩል ደረሰች።

«አያ ደምለው፣ ከሕፃን ጋር ጉተታ ገጠምክ?»

«የእመቤታችንን ስለት እየሰረቀች ነው!»

«እሰይ! ልጅ ለመለመን የተተከለ አበባ፣ ልጅ እንዳይደርስበት በድንጋይ አጠራችሁት። እመቤታችን ራሷ ምን እንደምትለምኗት ግራ ሳይገባት አይቀርም።»

የአያ ደምለው ዓይን ግን ቀዳዳው አጠገብ ካሉት ተክሎች ላይ አርፎ ነበር። የልጅቱን እጅ ለቀቀና ቁጭ ብሎ መቁጠር ጀመረ። የትርንጎ እጅ ከሚደርስበት ቦታ ያሉት ተክሎች አሥራ አንድ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ አርባ ሰባት እምቡጥ አለ። በቀረው ቦታ መቶ ሰማንያ ተክል ቆሟል፤ በዚያ ሁሉ ላይ አንድ እምቡጥ የለም። ሁለተኛ ቆጠረ፤ ያው ነው።

«ትርንጎ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በየቀኑ ትቀጥፊያለሽ?»

«በየቀኑ። ስቀጥፋት ሌላ ታመጣለች።»

«የደረቀችውንስ?»

«እሷንም። እነዚያ ማዶ ያሉት ግን አርጅተዋል። እጄ አይደርስባቸውም።»

በዚያው እግሩ ወደ እሜቴ ቤት ወጣ።

«እሜቴ፣ ልጆቹ ይግቡ።»

«በነሐሴ ልጆቹ ይውጡ ብለህ እግሬን ይዘህ አልነበረም?»

«ነበር።»

«አሁን ስንት ቀረ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«እሷኑም እንዲጨርሷት ነው?»

«አዎን እሜቴ። ካልጨረሷት መሬቱን ዛሬውኑ ይውሰዱት፤ በቁስቋም ዕለት ከማፍር አሁን ይሻለኛል።»

እሜቴ አመለወርቅ ራሳቸው ወርደው አዩ። አሥራ አንዱን ተክል ቆጠሩ፣ መቶ ሰማንያውንም ዞረው ተመለከቱ። ከዚያም ቀዳዳው ባለበት ላይ ካቡ ፈርሶ በር እንዲወጣለት አዘዙ። የአዋቂ እጅ ከስለቱ እንዲርቅ ግን በሩ ከልጅ ቁመት አይብለጥ አሉ። መለኪያ የሆነው ከሰባት ዓመት በታች ካሉት ልጆች በቁመት የሚበልጠው ነው ይባላል።

ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ሃያ ሦስት ልጆች ገቡ። የደረቀውንም ያበበውንም እምቡጡንም ቀጠፉ፤ አክሊል ሠሩ፣ በአክሊሉ ተጣሉ፣ አራት ተክል ሰበሩ፤ አንዱ አበባውን በልቶ ትርንጎ ቀሚስ ላይ አስመለሰ። አያ ደምለው ፊቱን ወደ ካቡ አዙሮ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ማታ እንደ ልማዱ ጠጠሩን ይዞ ዞረ፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረም። ጠጠሩን ይዞ እንደገባ እራትም እንዳልበላ ይነገራል።

በስምንተኛው ቀን እምቡጥ ታየ። ጥቅምት ሠላሳ ቀን ዘጠና ስድስት አበባ ቆጠረ። ኅዳር አምስት ማታ ልክ ሦስት መቶ ሆነ፤ አያ ደምለውም መሬቱን ተሳልሞ ተኛ። ትንሹን በር መዝጋት ግን ማንም አላሰበም። በበዓሉ ጠዋት ሊቆርጥ ሲገባ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ብቻ አገኘ።

ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ያለውን ይዞ ወደ መንገዱ ሄደና ደረደረው። ስለቱ በአንድ ረድፍ አሥራ ሁለት፣ በሃያ አምስት ረድፍ ነበር። ሃያ አራቱ ረድፍ ሞላ፤ ሃያ አምስተኛው ባዶ ቀረ። ታቦቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ እየመጣ ነው። እሜቴ ከመጀመሪያው ረድፍ እየቆጠሩ መጡና ባዶው ቦታ ላይ ቆሙ።

«አንድ ረድፍ የለም።»

«የለም እሜቴ።»

«የት ሄደ?»

አያ ደምለው ወደ ሕዝቡ ተመለከተ። ትርንጎ በእናቷ ነጠላ ተከልላ ቆማለች፤ በእጇ አንዲት ቀይ አበባ አለች። በአጠገቧም ሌሎች ልጆች አበባ ይዘዋል።

«በልጆቹ እጅ ነው» አለ።

ዘርፌ ልጇን በሁለት እጇ ያዘች። እሜቴ የልጆቹን እጅ ሲያዩ ቆዩና፣ «እጃቸው ላይ ካለማ አልጎደለም» አሉ። «ይምጡና በረድፋቸው ይቁሙ።»

አሥራ ሁለቱ ልጆች አበባቸውን እንደያዙ በሃያ አምስተኛው ረድፍ ቆሙ፤ ታቦቱም በፊታቸው አለፈ። መሬቱ ለአያ ደምለው ጸና፤ ዛሬ ቦታውን የሚጠብቀው አትክልተኛ ከእርሱ ሰባተኛ ትውልድ ነው። እሜቴ ከዚያ በኋላ ልጅ ስለማግኘታቸው ዘጠኝ ሽማግሌ ጠይቄ ነበር፤ አራቱ ወለዱ አሉኝ፣ አምስቱ አልወለዱም አሉኝ። ትንሹን በር እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳልዘጉት ግን ዘጠኙም ተስማምተዋል።

ባለፈው ዓመት ከከተማ የመጡ ሰዎች ሕፃናት አይግቡ የሚል ሰሌዳ እንስቀል ብለው ነበር። አትክልተኛው «ስቀሉ» አላቸው፤ «ሃያ አምስተኛውን ረድፍ ግን እናንተ ትቆሙበታላችሁ፣ በትንሹ በር ማለፍ ከቻላችሁ።» ሳይሰቅሉ ሄዱ። በበዓሉም ቀን ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንቱ አበባ ተደርድሮ፣ አሥራ አንድ ልጆች በረድፋቸው ቆመው፣ አሥራ ሁለተኛው እናቱ ጀርባ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ታቦቱ ቆመ። መዘምራኑ ዝማሬውን ከመጀመሪያው መለሱት፣ ሕዝቡም ጠበቀ። እናቱ አውርዳ ስታቆመው ዓይኑን እያሻሸ ነቃ፤ አበባዋ በመዳፉ ውስጥ ተጨማድዳ ነበር። ከታቦቱ ፊት የሚሄዱት ካህን ጎንበስ ብለው አዩዋትና «አሥራ ሁለት» አሉ፤ ታቦቱም አለፈ።