የጎርፉ መለከት ዝም ያለበት ቀን

እናንተ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔ ከአባቶቼ የሰማሁትን ልስጣችሁ፤ የጎደለ ካለ እናንተ ሙሉበት።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር የአራዊት መንደር ነበረ። ወንዙ በበጋ የዋህ ነው፤ ግልገል ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ግን ደጋ ላይ የዘነበውን ሁሉ ተሸክሞ ድንገት ይመጣል፤ ያገኘውንም ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ አራዊቱ መከሩና ከወንዙ በላይ ካለው ዋሻ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አስቀመጡ። ኮምፒውተሩ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ዘንግ እያየ የወንዙን ከፍታ ይጠብቃል። ውሃው ማደግ ሲጀምር መለከት ይነፋል። መለከቱ ሲነፋ ሁሉም ልጁን ይዞ ኮረብታ ይወጣል። እንዲህ እያደረጉ ስንቱን ክረምት በደኅና አለፉት።

የኮምፒውተሩ ጠባቂ እመት ጦጢት ነበረች። ጣቷ ቀልጣፋ፣ ዓይኗ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ ግን አጭር።

አያ ጅቦ መለከቱን አይወድም ነበር። ቀድሞ፣ መለከቱ ሳይኖር፣ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ዳር ዳሩን እየዞረ የሰመጠውን ይለቅም ነበር። መለከቱ ከመጣ ወዲህ የሚሰምጥ ጠፋ፤ የጅቦም ሆድ ከጀርባው ተጣበቀ።

አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ማቃሰት ጀመረ። ሆዱ እንደሞላ፣ ከእንግዲህ አዲስ ነገር ቢሰጡት ማስቀመጫ እንደሌለው ለጦጢት ነገራት። ጦጢት ደግሞ የልጇ ሰርግ ደርሶባት የሰርግ ዘፈን ሁሉ ልታስገባበት አስባ ነበርና ከፋት። ይህን ጊዜ ጅቦ ሲያልፍ የሰማ መስሎ በዋሻው ደጃፍ ብቅ አለ። እንደ አዛኝ ጎረቤትም ራሱን እየነቀነቀ መከራት።

“እመት ጦጢት፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚሠራ መስሎሽ ነው? በትልቅ ቤት ሥራ ፈት አይጠፋም። አንድ በአንድ ጥሪና ሥራህ ምንድን ነው በይው። ሥራውን መናገር ያቃተውን አውጥተሽ ጣይው።”

ምክሩ ለጦጢት ጣማት።

በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ዝም ብሎ አይበተንም። እንደ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ስሙ ተለጥፎበት ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጥቅል ይሉታል። ጦጢትም ጥቅሎቹን መጥራት ጀመረች።

የመጀመሪያውን ጠራች። “ሥራህ ምንድን ነው?”

“መለከት እባላለሁ። ጎርፍ ሲመጣ እነፋለሁ።”

“አንተ ቁጭ በል” አለችው።

ሁለተኛውን ጠራች። “ሥራህ ምንድን ነው?”

“ወንዝለኪ እባላለሁ። የውሃውን ከፍታ እለካለሁ።”

“አንተም ቁጭ በል” አለችው።

ሦስተኛውን ጠራች። ከሁሉ ያነሰ፣ ድምፁ የማይሰማ ጥቅል ወጣ። “ሥራህ ምንድን ነው?”

“መንዛሪ እባላለሁ። የሰጡኝን እመነዝራለሁ።”

“ማን ነው የሚሰጥህ?”

“እኔ እንጃ። እጅ ይዘረጋልኛል፤ መንዝሬ እመልሳለሁ።”

ጦጢት ሳቀች። የሚያሠራውን እንኳ የማያውቅ ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል ብላ መንዛሪን አውጥታ ጣለችው። እሱም ሳያጉረመርም ሄደ። በእሱ ቦታ የሰርግ ዘፈኖቿን ሞላችበት። ጅቦ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይህን አየና ምራቁን ዋጥ አድርጎ አመሰገናት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እቴ ድኩላ ወደ ዋሻው መጣች። ገና መውለዷ ነበር፤ ግልገሏ እግሩ አልጠናም። ለግልገሏ ለምለም ሣር ያለው ወንዙ ዳር ነውና እዚያ ብታሳድረው ያሰጋት እንደሆነ ጦጢትን ጠየቀቻት። ጦጢትም መለከቱ እያለ ምን ያስፈራሻል አለቻት። ድኩላ አመስግና፣ ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ወረደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ ደጋው ጠቆረ። ጦጢት ከዋሻው አፍ ቆማ ብታይ ወንዙ ደፍርሷል፤ ድንጋዮቹ አንድ በአንድ እየተሸፈኑ ነው። መለከቱን ጠበቀች። መለከቱ ዝም አለ። ጮኸች፤ ጩኸቷን ነጎድጓዱ ዋጠው። ሮጣ ገብታ መለከትን ለምን እንደማይነፋ ጠየቀችው። መለከትም ወንዝለኪ ምንም እንዳልነገረው መለሰላት። ወንዝለኪን ጠየቀችው። እሱም ዘንጉ ላይ ያለው ምልክት እንደሚታየው፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን እንዳልገባው ነገራት።

ጅቦ ከየት መጣ ሳይባል ከጎኗ ቆሟል።

“መለከቱ አርጅቶ ነው” አላት። “ትልቅ መለከት አምጪ።”

ትልቅ መለከት አመጣች። ትልቁም መለከት ዝም አለ።

“እንግዲያው ወንዝለኪው ነው የደነዘዘው። ሌላ ለውጪ።”

ሌላ ወንዝለኪ አመጣች። ሌላውም ዘንጉን እያየ ዝም አለ።

“ከዚህ ወዲያማ ኮምፒውተሩን በድንጋይ ሰብሮ ውስጡን ማየት ነው” አላት ጅቦ።

ጦጢት ድንጋይ አነሣች። ልትወረውር ስትል ግን ዞር ብላ የጅቦን ፊት አየች። ምራቁ በአገጩ ላይ እየወረደ ነው፤ ዓይኑም ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ታች ወንዙ ዳር፣ ድኩላ ባለችበት ሜዳ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠላት። ድንጋዩን ወደ ጅቦ አዞረችው። ጅቦም ነገሩ እንደተነቃበት አውቆ፣ ከግብዣው እንዳይቀር ወደ ወንዙ ቁልቁል ሮጠ።

በኮምፒውተሩ ጥግ ጦጢት ነክታው የማታውቅ አንድ ጥቁር መስኮት ነበረ። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ አንዲት ጭረት ብቻ ብልጭ ድርግም ትልበታለች። የጥቅሎች ሁሉ ሹም እሱ ነው። ያልጠየቁትን አይናገርም፤ የጠየቁትን አይደብቅም። ፊቱ ስለማይፈታ ጦጢት ትፈራው ነበር። አሁን ግን ሌላ በር አልነበራትምና ጻፈችለት።

“ጌታዬ፣ ምን ነካን?”

“እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም” አለ ጥቁሩ መስኮት።

“ሕፃናት ሊሰምጡብን ነው።”

“እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም።”

ጦጢትን ማልቀስ ቃጣት። ኮምፒውተሩ ግን ቀስ ብሎ ሹሙ ልቅሶ እንደማይገባው፣ የጥቅሉን ስም ጠርታ አንድ ነገር ብቻ እንድትጠይቀው ነገራት። ጦጢት እንባዋን ዋጠችና እንደገና ጻፈች።

“መለከት ማንን ይፈልጋል?”

“ወንዝለኪን። ወንዝለኪ አለ።”

“ወንዝለኪ ምን ይፈልጋል?”

“ዘንግ። ዘንግ አለ። የምልክት መፍቻ። የምልክት መፍቻ የለም።”

የምልክት መፍቻ የሚባል ጥቅል ጦጢት አታውቅም። የምታውቃቸውን ጥቅሎች ስም ሁሉ በልቧ ብትጠራ እንዲህ የሚባል አጣች። ታች ሜዳው ላይ ውሃው ሣሩን መንካት ጀምሯል። ሦስተኛውን ጥያቄ ጻፈች።

“የምልክት መፍቻ በየትኛው ጥቅል ውስጥ ይገኛል?”

“በመንዛሪ።”

ጦጢት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በራሷ እጅ ያወጣችው፣ የሳቀችበት ያ ነው።

“መንዛሪን መልስልኝ” ብላ ጻፈች።

“ቦታ የለም።”

“የሰርግ ዘፈኖቹን ማን ይፈልጋቸዋል?”

“የሚፈልጋቸው ጥቅል የለም።”

“አውጣቸው።”

“ይውጡ? አዎ ወይስ አይ?”

ጦጢት አላመነታችም። “አዎ” ብላ ጻፈች፤ ስለ መንዛሪም ሲጠይቃት “አዎ” አለች። መንዛሪም የወጡ ጥቅሎች ከሚቆዩበት ከሩቁ ማከማቻ፣ እንደ አካሄዱ ሳያጉረመርም ተመለሰ። ማን እንደሚፈልገው ለምን አስቀድሞ እንዳልነገራት ብትጠይቀው፣ እሱ የሚያውቀው የተዘረጋለትን እጅ ብቻ እንደሆነ፣ የእጁን ባለቤት የሚያውቀው ሹሙ እንደሆነ ነገራት። ይህን እየተናገረ ሳለ ወንዝለኪ እጁን ዘረጋ። መንዛሪ የዘንጉን ምልክት ወደ ቁጥር መነዘረለት። ወንዝለኪ ደነገጠ፤ ለመለከት ነገረው። መለከትም እስከ ዛሬ ነፍቶ የማያውቀውን ያህል ነፋ።

ሜዳው ተነሣ። ከርከሮ ልጆቹን እየነዳ፣ ጎሽ ሽማግሌዎቹን እየደገፈ፣ ሁሉም ኮረብታውን ያዘ። ከሁሉ ኋላ ድኩላ ነበረች። ግልገሏ ይወድቃል፤ በአፍንጫዋ ታነሣዋለች፤ ደግሞ ይወድቃል፤ ደግሞ ታነሣዋለች። ውሃው ሰኮናዋን አርሶት ነበር። ዝሆን ወርዶ ግልገሉን በኩምቢው አንሥቶ ጀርባው ላይ ባስቀመጠው ጊዜ ሁሉም ተነፈሰ።

ጅቦማ ከወንዙ ዳር ካለ ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ ግብዣውን ይጠብቃል። መለከቱን ሰማ። ግን ያ መለከት ሞቷል፣ ይህ የሚጮኸው የራሴ ሆድ ነው ብሎ ጎኑን አዙሮ ተኛ። ሲነቃ ጎርፉ አንሥቶት የሾላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከታቹ ውሃ፣ ከላዩ ዝንብ። ውሃው እስኪጎድል ድረስ ሾላ በላ። ዝሆን ሊያወርደው ሄዶ እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር ቢጠይቀው፣ እናንተን ላስጠነቅቅ ወርጄ ነው አለ። ኮረብታው በሙሉ በሳቅ አስተጋባ።

ጦጢት ያጠፋችውን ማንም ሳይጠይቃት ለድኩላ ነገረቻት። ድኩላም ግልገሏን ጦጢት ጭን ላይ አስቀመጠችና፣ “እንግዲህ አንቺም ያዥው” አለቻት።

ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተሩ ሆድ ሲሞላ ጦጢት ጥቅሎቹን ስለ ሥራቸው አትጠይቅም። ጥቁሩን መስኮት ትከፍትና ስለ እያንዳንዱ ማን ይፈልገዋል ብላ ትጠይቃለች። የሚፈልገው አለ ካላት አታወጣውም፤ የሚፈልገው የለም ካላት ደግሞ ራሷን ጠይቃ ታወጣዋለች።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። እናንተም ዝም ያለውን ሁሉ ሥራ ፈት አትበሉ፤ ምሰሶ ከመንቀላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ።