አያ ጅቦ የበላው የእርዳታ ከረጢት

አንድ ጊዜ፣ የክረምቱ ዶፍ ገደሉን ሁሉ ድጥ ባደረገበት ሰሞን፣ የአንድ ጫካ ጎረቤታሞች ተሰብስበው በየቤቱ የመጀመሪያ እርዳታ ከረጢት እንዲቀመጥ ተስማሙ። እመት ዳለቻ የምትባለው አህያ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨውና በትንሽ ቅል የተሞላ ማር በቁርበት ከረጢት እየከተተች ለሁሉም አደለች። ለጅብ ስትሰጠው ግን ቆም አለች።

«አደራ አያ ጅቦ፣ ከቤተሰብህ አንዱ ካልቆሰለ እንዳትፈታው።»

አያ ጅቦ ከረጢቱን ዋሻው ውስጥ ሰቀለው። ሦስት ቀን ቻለ። በአራተኛው ቀን የማሩ ሽታ የጠራት ቀበሮ መጣች።

«ቤትህ የቆሰለ አለ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለማን ሰቀልከው? ማሩን ለእኔ ስጠኝ፤ ቁርበቱን አንተ ብላው። ትልቁ ድርሻ ያንተ ነው።»

አያ ጅቦ ሁለቱን በዓይኑ ለካ። እውነትም ቁርበቱ ይበልጣል። ቀበሮ ቅሏን ይዛ ሄደች፤ እሱ ከረጢቱን እስከ ማሰሪያው ቆረጠመው፣ ጨውንም ላሰው። ጨርቁ ጭቃ ላይ ወድቆ ቀረ።

በማግስቱ ሴት ልጁ ጠይሜ ከቋጥኝ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተተለተለ። ደሙ አልቆም አለ። አያ ጅቦ ወደ መስቀያው ሮጠ፤ ምን የተሰቀለ ነገር አለና። ጭቃ የጠጣውን ጨርቅ አነሳና መልሶ ጣለው። ከዚያ ልጁን አዝሎ ወደ እመት ዳለቻ ቤት ሄደ። እሷን ሊበላ ስንት ጊዜ ያደባበት ደጅ ነው። ዛሬ ማንኳኳት አቃተው።

እመት ዳለቻ የልጅቱን ልቅሶ ሰምታ ከፈተች። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ደሙ እስኪቆም ተጭና ያዘችው፤ አፍልታ ባበረደችው የጨው ውሃ አጠበችና ማር ቀብታ አሰረችው።

«የእናንተስ ከረጢት የት ሄደ?»

«ጎርፍ ወሰደብኝ» አለ ጅብ መሬት መሬቱን እያየ።

ጠይሜ ቀና አለች። «አይደለም እትዬ፤ አባዬ በልቶት ነው።»

አያ ጅቦ እስከ ጆሮው ጋለ። እመት ዳለቻ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ከራሷ ከረጢት አካፍላ በትንሽ ቋጠሮ አስራ ሰጠችው። ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ጠይሜ ቀደመችው።

«እኔ ልያዘው አባዬ» አለችው በለሆሳስ።

መንገዱን ሁሉ እሷን አዝሎ፣ ቋጠሮውን እሷ በደረቷ አቅፋ ቤታቸው ገቡ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለቤተሰብ ጉዳት የተቀመጠውን በደህናው ቀን የሚያጠፋ፣ በጉዳቱ ቀን መድኃኒቱን ብቻ ሳይሆን የልጁንም አመኔታ እንደሚያጣ ነው።