ቀዳዳውን የጠበቀ ሰው

ግድግዳው የሚያፏጭ አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ደጋ ነው። ምርጊቱ ረግፎ፣ ነፋስ በአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። እንጨት ቢማግድ ሙቀቱ ከእሱ ቀድሞ ወጥቶ ደጁን ያሞቃል። ሚስቱ አራስ ነበረች። ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

መንግሥት ደግሞ ደግ ነው። ማገዶ በከንቱ እንዳይባክን ብሎ፣ ነፋስ ለሚያስገቡ ቤቶች የግድግዳ ልባስ በነፃ እንደሚሰጥ አወጀ። መርማሪም መጣ። የመርማሪው ጥበብ ሻማ ለኩሶ ቤት መሀል መቆም ነው። ሻማው ከጠፋ ቤቱ እርዳታ ያገኛል፤ ካልጠፋ ባለቤቱ «ደህና ነህ» ተብሎ ይታለፋል።

ሻማው ቀጥ ብሎ ነደደ። ሰውየው ደነገጠ። ዞር ብሎ ቢያይ፣ ሚስቱ ትልቁን ቀዳዳ በእሱ ጋቢ ወትፋዋለች።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አላት በሹክሹክታ።

«ልጁን ብርድ ሊገድለው ነው እኮ!»

«ትንሽ ይታገሣ! እርዳታው ይለፈን?»

ጋቢውን መንጭቆ አወጣው። ነፋሱ እየጋለበ ገባ፤ ሻማው ጠፋ፤ ሕፃኑ ጮኸ። መርማሪው ረክቶ «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለ። ደጁ ላይ ሲደርስ ግን ዞሮ አስጠነቀቀ፦ «ልባሱ እስኪመጣ ግድግዳው እንዳይነካ። እርዳታው የተፈቀደው ለሚያፏጭ ቤት ነው።»

ዝናቡ በረታ። የሕፃኑም ሳል በረታ። ጎረቤቶች አራስ በብርድ ስትቀጣ ማየት ነውር ሆኖባቸው፣ ጭቃ በጭድ አቡክተው በደቦ መጡ። ሰውየው ዱላውን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ።

«ቀዳዳዬን የሚነካ ወዮለት!»

ከጎረቤቶቹ አንዲት አሮጊት፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ልጅህን እንዲህ ብትጠብቀው ምን ነበረበት!» አለችው።

«ለልጄ ብዬ እኮ ነው!» አለ። እውነቱን ነው።

ሚስቱም ሕፃኑን በደረቷ አቅፋ፣ በዱላው ሥር ጎንበስ ብላ አለፈችና አሮጊቷ ቤት ገባች። ደቦኞቹም ጭቃው ከሚደርቅ ብለው የአሮጊቷን ግድግዳ መረጉበት። እዚያ፣ ቀስ እያለ፣ ሕፃኑን ሳሉ ለቀቀው።

ልባሱ መስከረም ከጠባ በኋላ መጣ። መርማሪው ሻማውን ለኮሰ፤ ወዲያው ጠፋ። «ደንብ እንዳንተ ያከበረ አላየሁም» ብሎ አመሰገነው። ግድግዳው ተለበጠ፤ ማፏጨቱም ቀረ። ሰውየው በደስታ ወደ አሮጊቷ ቤት ሮጠ።

«ነይ፣ ቤታችን ሞቋል!»

ሚስቱ ከደጁ ሳትወጣ አየችው። «ቤቱስ ሞቀ። አንተን በየትኛው ሻማ እንመርምርህ?»

እንግዲህ ልጄ፣ «ግድግዳዬን ልምረግ ወይስ እርዳታው እስኪደርስ ሳልነካ ልጠብቅ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ መንግሥትን አልወቅስም፤ ደንብ ደንብ ነው። ሰውየውንም አልወቅስም፤ ታዛዥ ነበር። ጥፋተኛው ብርዱ ነው፤ ደንቡን ሳይጠይቅ ገባ። ያ ሰው አንተ ነህ፣ የምትጠብቀውም ልባስ ያው ልባስ ነው። ጠብቅ፣ ይመጣል። እስከዚያው ግን ያን ዱላህን ወዲህ በለኝ፤ ስመጣ ጎረቤቶችህ ጭቃ ሲረግጡ አይቻቸዋለሁ።