የአራጋው ስፒከርና የይማም ማንዶሊን

በደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለችው ሰፈራችን፣ ጣሪያው እያፈሰሰ ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ የሚውል ሰው ያየ ሁሉ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። ልጆች ሳይቀሩ ይሏታል። ከየት እንደመጣች የሚያውቀው ግን ያን እሑድ አራጋው ይመር ቤት ተገኝቶ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

አራጋው ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ዘፈን ማዳመጥ ሆኗል። የልብ ወዳጁ ደግሞ ሰዓት ሠሪው ይማም ነበር። ይማም በወጣትነቱ ከኪነት ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዶ «የጦሳ ጉም» የተባለው ዘፈን ሲቀረፅ ማንዶሊን መምታቱን ይናገራል። ዘፈኑን የማያውቅ የለም፤ ማንዶሊኑን የሰማ ግን አልነበረም። በየቤቱ የነበረው ካሴት ከካሴት የተገለበጠ፣ ያም ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ስለሆነ፣ ከዘፋኙ ድምፅና ከድራሙ በቀር የቀረውን ሁሉ የካሴቱ እሽሽታ ውጦታል።

የእድራችን ጸሐፊ ደምሳሽ ቀልድ አያመልጠውም። አንድ ቀን በሰው መሀል «ይማም ማንዶሊኑን የመታው በሕልሙ ነው» አለ። ሰፈሩ ሳቀ፤ ይማምም ከዚያ ወዲያ «ይማም ሕልሙ» ተብሎ ቀረ። አርባ ዓመት አብሯቸው ሲስቅ ኖሯል። ሲስቅ ዓይኑን ልብ ብሎ ያየው ግን አራጋው ብቻ ነበር።

በዚያ ዓመት የይማም ዓይን ለጥቃቅን የሰዓት ጥርሶች እምቢ አለው። ሚስቱም ካረፈች ቆይታለች። ሐዋሳ የምትኖረው ልጁ ሀያት መጥታ ልትወስደው ቀን ተቆረጠ። ይማም ደሴን ሊለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው እንግዲህ፣ አራጋው ስልኩ ላይ በሚያዳምጥበት የሙዚቃ አፕ «የጦሳ ጉም»ን ያገኘው። ከሥሩ የተጻፈውን ሲያነብ፣ አሳታሚው ዘፈኑን ከዋናው የስቱዲዮ ቴፕ አውጥቶ እንደ አዲስ የለቀቀው መሆኑን ተረዳ።

የአራጋው ልብ ዘለለ። ያኔውኑ ቤት ለቤት እየዞረ ሰው ጠራ። እሑድ ከሰዓት የይማም መሸኛ በእኔ ቤት ነው፤ ማንዶሊኑንም በጆሯችሁ ትሰማላችሁ አለ። ደምሳሽን ሁለት ጊዜ ነገረው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዘፈኑን ገና በደንብ አልሰማውም ነበር።

ማታ ሲከፍተው ከስልኩ የወጣው ድምፅ ጣሳ ውስጥ እንደገባች ዝንብ ነው። ቤት ካለው ድምፅ ማጉያ፣ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በብሉቱዝ አገናኘውና ጥንት አንድ የመንገድ መሐንዲስ በስጦታ በተወለት ሁለት የእንጨት ስፒከሮች ሞከረ። ድምፁ ወፈረ፤ ማንዶሊን ግን የለም። አራጋው ስፒከሮቹን ገልመጥ አደረጋቸውና፣ አርጅታችኋል ብሎ ፈረደባቸው።

ሐሙስ ዕለት በጋሪ ጭኖ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ትከሻ የሚደርስ ቁመት ያላቸው፣ ሆዳቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከር ሁለት ስፒከሮች አሳየው። አራጋው ገና ሲያያቸው ተሸነፈ። የእንጨቶቹን ሰጥቶ፣ በላዩ ላይ የሳሎኑን ምንጣፍ ከቤት አምጥቶ መርቆ ተለዋወጠ። ባለሱቁ አንድም ቃል አልተከራከረም፤ የእንጨቶቹን ስፒከሮች ራሱ አቅፎ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ አስገባቸው። አራጋው በደስታ ሰክሮ ይህን ልብ አላለም።

ሚስቱ ዘነቡ ባዶውን ወለልና የቆሙትን ሁለት ግዙፎች አየች። «ለመሆኑ ዘፈኑ የሚመጣው ከስፒከሩ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። አራጋው ግን መብራቱን ማብራትና ማጥፋቱን ቀጠለ።

እሑድ ቤቱ ሞላ። የእድሩ ሰው በሙሉ መጣ፤ ከሁሉ አንጋፋዋ እማማ ጥሩወርቅም ተደግፈው ገቡ። ይማም ከበዓል በቀር የማይለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ከልጁ ከሀያት ጎን ተቀመጠ። አራጋው ዘፈኑን ከፈተ።

ቤቱ ተናጋ። ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደረው ብርጭቆ ተንጫጫ። ድራሙ የሰውን ደረት ይደቃል፤ የዘፋኙ ድምፅ በርሜል ውስጥ እንዳለ ሰው ያስተጋባል። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ዘፈኑ አለቀ፤ ማንዶሊን የሚባል ነገር አልተሰማም። አራጋው ድምፁን ጨምሮ ደገመው። ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ አዟዙሮ ለሦስተኛ ጊዜ አስደመጠ። ያው ነው።

ደምሳሽ ይቀልዳል ተብሎ ሲጠበቅ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። ይህ ከቀልዱ ይልቅ ከበደ።

ይማም እጁን ወዳጁ ትከሻ ላይ አሳረፈ። «ተወው አራጋው» አለው ዝግ ብሎ። «ሰው አንድ ነገር ለረጅም ዓመት ሲያወራ ሲኖር እውነት ይመስለዋል። ምናልባት እኔም በሕልሜ ይሆናል የመታሁት።»

አራጋው በሾፌርነት ዘመኑ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ጉም ውስጥ ፍሬን እምቢ ብሎት ያውቃል። ይህም እንደዚያ ቀን ሆነበት። ወዳጁን አከብራለሁ ብሎ፣ ይማም የራሱን ትዝታ እንዲጠራጠር አደረገው።

ይኼኔ ሀያት ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ባለሙያ ናት። ወደ ስፒከሮቹ ዞር ብላ እንኳ አላየችም፤ ስልኩን እንዲሰጣት ጋሽ አራጋውን ጠየቀችው። ጥቂት ነካካችና ፈገግ አለች።

«አባቴን የደበቀው ስልኩ ነው» አለች።

ነገሩን ለሁሉም በሚገባ መንገድ አስረዳች። ዘፈኑ በኢንተርኔት ሲመጣ ዳታ እንዳይበላ አፑ ያሳንሰዋል፤ ሲያሳንሰው ደግሞ ሰው አያስተውለውም ያለውን ስስ ድምፅ እየቀነሰ ይጥላል። ብሉቱዙ የተረፈውን መልሶ ይጨምቀዋል። በመጨረሻም የስፒከሮቹ ጉርምርምታ የቀረውን ይሸፍነዋል። አራጋው ያን ጊዜ ትዝ አለው፤ ዳታ ቆጣቢ የሚለውን ራሱ ነበር የነካው፣ መናኸሪያ ተቀምጦ ሲያዳምጥ።

ሀያት የድምፁን ጥራት መጨረሻው ድረስ ከፍ አደረገችና ዘፈኑን በቤቱ ዋይፋይ እንደ አዲስ ማውረድ ጀመረች። ስልኩ ላይ አንዲት ክብ ቀስ እያለች ትሞላለች። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ክቧን ያያል፤ ግማሽ ደረሰ፣ ከግማሽ አለፈ እያለ አንዱ ለሌላው ይነግራል። እስክትሞላ ድረስ ሀያት ከቦርሳዋ አውራ ጣት የምታህል ማገናኛና ገመድ አውጥታ ስልኩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በገመድ አያያዘችው። የስፒከሮቹን መብራት አጠፋች፤ ጉርምርምታውን ቀነሰች፤ ከግድግዳው ጥግ አላቀቀቻቸው። ድምፁን ከቅድሙ በግማሽ ዝቅ አድርጋ ከፈተችው።

መጀመሪያ የተሰማው ዘፋኙ ሊጀምር አየር ሲስብ ነው። እዚያው ሳሎን ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር። ከዚያ ባስ ጊታሩ ገባ፤ ድራሙ ለስልሶ ተከተለ። ቀጥሎ ከግራ በኩል፣ ጠል ቅጠል ላይ እንደሚንጠባጠብ ያለ፣ ፈጣንና ጥርት ያለ የክር ድምፅ መጣ።

አራጋው ጆሮውን አላመነም። ዞር ብሎ ይማምን አየው። የይማም ዓይኖች ተከድነዋል፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን ጉልበቱ ላይ ይሮጣሉ። ድምፁን አይከተሉትም፤ ይቀድሙታል። ጣቱ ጉልበቱን ሲጫን ድምፁ ኋላ ይመጣል፤ ጣቱ ሲነሣ ድምፁ ይቆማል። ደምሳሽም አየው። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ከእነዚያ ጣቶች ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ሀያት፣ እባክሽ መልሽው» አለ ደምሳሽ። መለሰችው። ከዚያም እንደገና። በሦስተኛው ደምሳሽ ብድግ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና ይማም ፊት ቆመ። «ይማም ማንዶሊኑ» አለው። «አፌን ይቅር በለው።»

ይማም ስቦ አቀፈው። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደተደገመ የቆጠረ የለም። ሰው በየተራ ወደ ግራው ስፒከር እየተጠጋ ማንዶሊኑን ሰማ፤ ይማምም ያን ቀን ስቱዲዮ ውስጥ የት ጋ ቆሞ እንደነበር በእጁ እያሳየ ተረከ።

አራጋው ደስታው ልክ አጣና አንዱን ስፒከር መታ መታ እያደረገ፣ እነዚህም የድርሻቸውን ተወጡ አለ። ሀያት በፊት የነበሩት ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠየቀችው። የእንጨቶቹን ነገራት። እሷም፣ ጋሽ አራጋው እንዳይከፋህ፣ በእነዚያ ቢሆን ኖሮ ከዚህም ይበልጥ ትሰሙት ነበር አለችው። አራጋው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ዘነቡ ባዶውን ወለል እያየች በሳቅ ፈረሰች፤ መጨረሻ ላይ እሱም ሳቀ።

እማማ ጥሩወርቅ የኢንተርኔቱ ነገር ብዙም አልገባቸውም። የተበላሸው ከመምጫው ከሆነ ይህ ግንብ የሚያህል ነገር ለምን እንደመጣ ሀያትን ጠየቋት። እሷም ሳቋን ዋጥ አድርጋ አራጋውን አየችው። አሮጊቷ በምርኩዛቸው ረጅሙን ስፒከር ነካ አደረጉና እንዲህ አሉ፦ «አይ አራጋው ልጄ፣ ድፍርስ ውሃ በብርሌ ቢቀዱት አይጠራም።»