ሳይጠየቅ የተበላ ጉበት

ዙሪያዋን በድንጋይ ካብ በታጠረች፣ ስሟን ዛሬ አስረግጦ የሚነግረን በማናገኝላት አንዲት የጥንት ከተማ ውስጥ ሸህ ጦይብ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። በላይኛው ሰፈር ካሉት ሰዎች ግማሹ ፊደል የቆጠረው፣ ቁርኣንም አንብቦ ያኸተመው እሳቸው እግር ሥር ተቀምጦ ነው። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በጥንቃቄያቸው ነበር። ሐላልነቱን ያላረጋገጡት ጉርሻ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ማር ቢመጣላቸው ንቡ ከማን ማሳ እንደቀሰመ ይጠይቃሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር፤ ቀልዱን ሲሰሙ ራሳቸውም ይስቃሉ።

በዚህ ጥንቃቄያቸው የተነሳ ከተማው አንድ አደራ ጥሎባቸው ነበር። በዚያች ከተማ አዲስ ሥጋ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ዝም ብሎ ገብቶ አይገዛም። ከመጀመሪያው እርድ ላይ ጉበቱ ይወጣና በሩ ላይ በከሰል ይጠበሳል። አንድ የታመነ ሽማግሌ ይቀርብና ባለቤቱን በሕዝብ ፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ «ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰሃል?» ባለቤቱ «ደርሻለሁ» ሲል ሽማግሌው ቢስሚላህ ብሎ ይቀምሳል። ይህን «ቅምሻ» ይሉታል። ሽማግሌው ከዋጠ በኋላ ሕዝቡ ሳይጠራጠር ይገዛል፤ የእሱ ጉሮሮ ለሁሉም ምስክር ነውና። በላይኛው ሰፈር የቅምሻ ሽማግሌ ሸህ ጦይብ ነበሩ።

ታዲያ በዚህ ሰፈር ኑርሑሴን የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በእህል ገበያ በር ላይ ጆንያ ሲሸከም የኖረ፣ ትከሻው የጠነከረ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። ላይኛው ሰፈር ሥጋ ቤት አልነበረውም። ሥጋ ያማረው ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ እስከ ታችኛው በር መሄድ፣ ከዚያም በፀሐይ ዳገቱን መመለስ ነበረበት። ኑርሑሴን ይህን ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን ቆረጠ። ከአባቱ የወረሳትን የማሽላ እርሻ ሸጠ። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ግድግዳዋን ኖራ ቀባ፤ የወይራ ግንድ አስጠርቦ መክተፊያ አደረገ፤ ቢላዋ አሳለ። ሚስቱ ሉባባ ነጭ ሽርጥ ሰፋችለት። በቀረው ገንዘብ አንድ ቀይ በሬ ገዛ። ከእንግዲህ ያለው ነገር ሁሉ በዚያ በሬ ቆዳ ውስጥ ነበር። ያ በሬ ከተበላሸ እርሻውም የለም፣ ሱቁም የለም፤ የሚጠብቀው ያው ጆንያው ነው።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ፣ በሬውን ሊያመጣ ሄደ። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር፤ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሯል። ከብት የሚነዳ ሰው ሁሉ እንደዚያ ባለ ቀን በሰፊው መንገድ ይዞራል፤ ደግሞም ብቻውን አይነዳም፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆኖ ነው። ኑርሑሴን ግን ጆንያ እንጂ በሬ ነድቶ አያውቅም። ቸኮለና በድንጋይ ደረጃው አቋራጭ ገባ። ደረጃው ላይ የበሬው ኮቴ ተንሸራተተ። ገመዱ ከእጁ አመለጠ። በሬው ተገለባብጦ ከደረጃው ሥር ያለው ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ የወደቀውም በአንገቱ ነበር።

ኑርሑሴን እየተንከባለለ ወርዶ ቢላዋውን መዘዘ። ወደ ቂብላ አዞረው፤ «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ብሎ አረደ። ደሙ ግን አልፈነጠቀም። እያመነታ፣ እየጠቆረ ወረደ። የበሬውን ዓይን አየው፤ ዓይኑ ቀድሞ ደርቋል። የኋላ እግሩ የተንቀሳቀሰ መሰለው። «ተንቀሳቅሷል» አለ ለራሱ ጮክ ብሎ። ከዚያ እንደገና አለ። እውነቱን ግን ያውቀው ነበር፤ በሬው የሞተው እሱ ሳይደርስ ነው። በክት ነው።

የገበያ በር ጓደኞቹ ሲደርሱ የታረደ በሬ ነው ያገኙት። «መብሩክ! እንኳን አደረሰህ!» እያሉ ጎትተው አወጡለት፤ ገፈፉለት። ከመካከላቸው የጠረጠረ አልነበረም። ኑርሑሴን ብልቱን እየሰቀለ በልቡ አንድ ውል ገባ። ሸህ ጦይብ ሲጠይቁኝ እውነቱን እናገራለሁ አለ። መቼም እሳቸው ሳይጠይቁ አይቀሩም። እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያጣ ሰው ነበርና ጥያቄው እንዲያወጣው ጠበቀ።

ረፋዱ ላይ በሩ ፊት ሰው ሞላ። እናቶች ሳህን ይዘው ቆመዋል፤ ሙሔ የሚባለው የጨው ነጋዴ፣ ምላሱ የማያርፈው፣ ከፊት ተሰልፎ ያሾፋል። ጉበቱ ተጠበሰ። ሸህ ጦይብ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ኑርሑሴንን አዩት። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። የደስታ ብዛት መሰላቸው። ትናንት እግራቸው ሥር ተቀምጦ አሊፍ፣ ባ ያለው ልጅ ዛሬ ባለሱቅ ሆኖ ሲያዩት እሳቸውም ሆዳቸው ባባ።

«አንተንማ ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ፣ ልጄ» አሉት። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።

ኑርሑሴን አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሸህ ጦይብ አላምጠው ዋጡ፤ አልሐምዱሊላህ አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው «ያ ረብ፣ ሐላል ሪዝቅ፣ ሐላል እንጀራ አድርግለት» ብለው ዱዓ አደረጉለት። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። ያቺ አሚን ከተሸከማቸው ጆንያዎች ሁሉ በላይ ከበደችው።

የመጀመሪያዋ ገዥ ዘይነብ የምትባል እናት ነበረች፤ ከበሽታ ላገገመች ልጇ ትንሽ ቀይ ሥጋ ፈልጋ ነው። ሳህኗን ዘረጋች። ኑርሑሴን ቢላዋውን አነሳ፤ መቁረጥ አቃተው። ቢላዋውን መክተፊያው ላይ አስቀምጦ ወደ ሸህ ጦይብ ሄደና ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ተናገረ።

«ሸህዬ፣ በክት ነው። ሳልደርስ ሞቷል።»

ሸህ ጦይብ እጃቸውን ወደ ጉሮሯቸው ሰደዱ። ከሰባ ዓመት በላይ የጠበቁት ጉሮሮ ነው። ዓይናቸው በእጃቸው በቀረው የጉበት ቁራሽ ላይ ተተከለ። ኑርሑሴን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አሁን ከዘራቸውን አንስተው ይጠቁሙብኛል፤ ሕዝቡም ይወግረኛል ብሎ ጠበቀ። ቢጠቁሙበትስ ማን ይወቅሳቸዋል? ሸህ ጦይብ ግን ቁራሿን በመሐረባቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ከዚህ ሥጋ ማንም እንዳይገዛ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ በላሁ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ሙሔ ቀደመ። «ታዲያ አሁን ይጠይቁታ፣ ሸህዬ! ሰውዬው እዚሁ ቆሟል!»

ኑርሑሴን ዓይኑን ጨፈነ።

«ጥያቄው ከጉርሻው በፊት ነበር» አሉ ሸህ ጦይብ። «በእኔ ሆድ ሳይጠየቅ የገባውን ወደ እናንተ ሆድ አላሻግርም።»

«ሙሉ በሬ? በአንዲት ጥያቄ?»

«በአንዲት ጥያቄ።»

ልብ በሉ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልዋሹም። አለመጠየቃቸው እውነት ነው፤ ጥፋት መሆኑም እውነት ነው። የሌላውን ጥፋት ግን ከራሳቸው ጥፋት ሥር ሸሸጉት። በሬው ከካቡ ውጭ ተጎትቶ ለጅብ ተጣለ፤ ሥጋ ቤቱም ተዘጋ።

ከዚያ የመጣው ነገር ኑርሑሴን ያላሰበው ነበር። ሕዝቡ ለእሱ አዘነለት። በየቤቱ፣ በየመንገዱ የሚብጠለጠሉት ሸህ ጦይብ ሆኑ። «ጃጅተዋል» አሉ። «የደሃ ሀብት በአንድ ቃል ለጅብ አበሉ» አሉ። ሙሔ ጨው በመዘነ ቁጥር ይህን ሳያነሳ አይመዝንም። ከሰፈሩ ሰው ብዙው እሳቸውን ለሽምግልና መጥራት ተወ፤ አንዳንዱም ልጆቹን ከቂርኣት ትምህርታቸው አስወጣ። ሸህ ጦይብ በመንገድ ሲያልፉ ሰላምታው ቀዘቀዘ። ኑርሑሴንን ግን ሰው ሁሉ ትከሻውን እየመታ «አይዞህ፣ በደሉህ» ይለው ነበር። እያንዳንዷ አይዞህ ታቃጥለው ነበር። ገንዘብ አዋጥተው በሬ ሊገዙለት ሲመጡ እጃቸውን መለሰ፤ ምክንያቱን ግን መናገር አልቻለም። ያ ክረምት ለእሱ ከክረምቶች ሁሉ የረዘመ ነበር።

ወደ ጆንያው ተመለሰ። አንዳንድ ቀን ከዙሁር ሰላት በኋላ ሸህ ጦይብን መስጂዱ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። ይዘልፉኛል ብሎ ይጠብቃል፤ ቢዘልፉት በቀለለው። እሳቸው ግን የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሥጋ ቤቱን መቼ ትከፍታለህ፣ ልጄ?»

በመጨረሻ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ ኑርሑሴን በጉልበቱ ያገኘውን አጠራቅሞ አንድ ሙክት ፍየል ገዛ። በሬ አልደረሰበትም። ከሁለት ሰው ጋር ሆኖ በሰፊው መንገድ አመጣው፤ በሱቁ ደጃፍ በሰው ፊት አረደው፤ ደሙም ፈነጠቀ። ጉበቱ ተጠበሰ፤ ሰው እንደገና ተሰበሰበ። ሙሔ ከታችኛው ሰፈር አንድ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ቅምሻውን ዛሬ እኚህ አባት ያደርጉልናል» አለ። «የበፊቱ ይበቃናል።»

ሸህ ጦይብ ከሰዉ ኋላ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። ሳይጠሩ መጥተዋል። የሙሔን ቃል ሲሰሙ ከዘራቸውን አንስተው ሊሄዱ ዞሩ።

«ሸህዬ፣ ይቁሙ!» አለ ኑርሑሴን። የዚያች ከተማ ሰዎች የእሱን ጩኸት ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ሽርጡን ፈቶ መክተፊያው ላይ ጣለው። «ስሙኝ። ያ በሬ በክት ነበር። ቦይ ውስጥ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ነው የሞተው፤ ያረድኩት ከሞተ በኋላ ነው። ላበላችሁ ነበር። ሳህንሽን ስትዘረጊ ነው ያቃተኝ፣ ዘይነብ። ሸህዬ የበሉት እኔ ዝም ስላልኩ ነው። ከዚያ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን እኔን ሸሽገው ራሳቸውን አጋለጡ። ክረምቱን ሙሉ እናንተ ስታሟቸው እኔ ቆሜ ሰማሁ። አሁን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

ዘይነብ ሳህኗን ወደ ደረቷ አስጠግታ ቆመች። ሉባባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ፣ ወደ እኚያ ወደ ተጎሳቆሉ ሽማግሌ ዞረ፤ መንገድም ተከፈተላቸው። መንገድ ልቀቁ ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም በራሱ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

ሸህ ጦይብ በመካከላቸው አልፈው ኑርሑሴን ፊት ቆሙ። ሽርጡን ከመክተፊያው ላይ አንስተው ሰጡት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁ።

«ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰሃል?»

«ደርሻለሁ» አለ፤ እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ።

ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። ሕዝቡ እስኪውጡ ድረስ ትንፋሹን ያዘ።

ሙሔ ቀስ ብሎ ቀረበ። ያ ምላስ ተሳስሯል። «ሸህዬ» አለ፣ «ለምን አልነገሩንም? ክረምቱን ሙሉ ስምዎን እያነሳን… አንዲት ቃል ቢናገሩ ኖሮ…»

ሸህ ጦይብ ከዘራቸውን አስተካክለው ያዙና መለሱለት።

«የበሬውን በክት ሳላውቅ በላሁ፤ አላህ ይምረኛል። የወንድሜን በክት አውቄ እንድበላ ነው የምትፈልገው?»

ዙሁር ደርሶ ነበርና ወደ መስጂድ ሄዱ።

አላህ በቁርኣኑ ሰውን በሌለበት ማማትን የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር አመሳስሎ ነግሮናል። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንሰማውም አንገታችንን እንነቀንቃለን። የዚያ ሰፈር ሰዎችም ያውቁት ነበር። አንድ በሬ በክት መሆኑ ሳይታወቅ ወደ ድስታቸው እንዳይገባ ከብረት የጠነከረ ሥርዓት ሠርተው ነበር፤ ደግ አደረጉ። ግን እነዚያው ሰዎች፣ በጉሮሯቸው የማይታሙት ሰዎች፣ ያን ክረምት ጠዋት ማታ ሲበሉ የከረሙት ምን ነበር? ሸህ ጦይብ ይህን በፊታቸው አልተናገሩም። ስለ ራሳቸው ጉርሻ ብቻ ተናገሩ። የቀረውን እያንዳንዱ በየመንገዱ ሲመለስ ለራሱ ተናገረ። ሙሔ ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ ይባላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው። አንድ ሰው ያበላኝን ሐራም በአፌ ይዤ፣ ጣዕሙ ገና ምላሴ ላይ ሳለ፣ ያን ሰው ለመሸሸግ የሚበቃ ልብ ከየት ይመጣል? እኛ በቀላል ነገር ስንበደል ለመንገር ጎረቤት እስኪነቃ አንጠብቅም። እሳቸው ግን ስማቸውን ከፍለው የአንድ ተሸካሚ ገመና ገዙ። ገዝተውም ዝም አሉ፤ ባለቤቱ ራሱ እስኪመልሰው ድረስ።

ሥጋ ቤቱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ኖረ። በዚያች ከተማም ልማዱ በአንድ ነገር ተለወጠ ይላሉ። ሽማግሌው ጉበቱን ለመቅመስ ሲቀርብ መጠየቁ ቀረ። ባለ ሥጋ ቤቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይጠየቅ፣ እውነቱን ራሱ ይናገራል። ሽማግሌውም ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ይሰማዋል፤ ከዚያ ይጎርሳል።