አህያ በአንድ ቃል የመለሰ ቀን

ተረት አለኝ! «ወዲህ በይው!» በሉኝ። አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ። እሺ። አንተ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ፤ ነገሩ አንተንም ይመለከታል።

ድሮ፣ እንስሳት አብረው በሚያርሱበት ዘመን፣ በሦስት ኮረብታዎች መሀል አንድ የማሽላ እርሻ ነበር። የሁሉም የዓመት ቀለብ ከዚያ ነው። ማሽላው ሲደርስ ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ሦስት ጠባቂ ቆመ፤ በአንደኛው ኮረብታ ውሻ፣ በሁለተኛው ዶሮ፣ በሦስተኛው አህያ። ተራርቀው ስለቆሙ አይተያዩም። ድምፃቸውን ከኮረብታ ኮረብታ የሚያደርሰው ነፋስ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። «እትዬ ዶሮ፣ ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው?» «አያ አህያ፣ ጉልበትህ ተሻለህ?» ጉልበቱን የጠየቀው ወዮለት! አህያ ከግራው ይጀምርና ወደ ቀኙ ይሻገራል፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ሟቹ አባቱ ጉልበት ሳይቀር ያወራል።

የእርሻው አለቃ በሬ ግን ይህ አናደደው። «እዚህ የቆማችሁት ለወሬ ነው ወይስ ለጥበቃ?» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ስትጠየቁ ‹ሰላም ነው›፣ ዝንጀሮ ስታዩ ‹መጡ›። ሌላ ቃል እንዳልሰማ!»

«ጋሽ በሬ፣ ብቻችንን እኮ ነው የምንውለው» አለች ዶሮ።

«ሥራ ላይ ነሽ!» አላት በሬ።

«እኔም ሰለቸኝ፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ማመላለስ!» ብሎ ነፋስ አጉረመረመ። ማን ሰምቶት።

የዝንጀሮዎቹ መሪ እመት ጦጢት ግን ዛፍ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። የማንንም ድምፅ ማስመሰል ታውቅበታለች። «ሁለት ቃል ብቻ? ይቺማ ለእኔ ቀላል ናት!» ብላ ሳቀች።

አንድ ቀን ውሻ ውሃ ሊጠጣ ወረደ። ጦጢት ቦታው ላይ ወጣች። «ውሻ፣ እንዴት ነው?» ሲባል «ሰላም ነው!» አለች። ዝንጀሮዎቹ በውሻ በኩል ያለውን ጠራርገው በሉት።

ሌላ ቀን ዶሮ ጫጩቶቿን ልታይ ወረደች። ጦጢት ወጣች። «ዶሮ፣ እንዴት ነው?» ሲባል «ሰላም ነው!» አለች። በዶሮ በኩል ያለውም ተበላ።

«እኔ አልመለስኩም!» አለ ውሻ። «እኔም አልመለስኩም!» አለች ዶሮ። በሬ አላመናቸውም። ነፋስን ጠርቶ «ከማን አፍ ነው የተቀበልከው?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ! ‹ሰላም ነው› ከማንም አፍ ቢወጣ ያው ነው። የሰጡኝን አደረስኩ።»

«እንግዲህ የቀረን የአህያ በኩል ብቻ ነው» አለ በሬ። «እሱ ከተበላ ልጆቻችን በረሃብ ያልቃሉ። ቦታውን የለቀቀ ይባረራል!»

አህያ ንቅንቅ አላለም። ዝንጀሮዎቹ ግን ከኋላው መጥተው አፉን በሐረግ አሰሩና ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ጦጢትም ቦታው ላይ ወጣች።

«አያ አህያ፣ እንዴት ነው?» አለ ውሻ ከማዶ።

«ሰላም ነው!»

ዶሮ ፈርታ ነበር። ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ ብቸኝነቱ አንገብግቧታል። «አለቃም የፈለገውን ይቆጣ!» አለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «አያ አህያ፣ ጉልበትህ እንዴት አደረ?» ብላ ጠየቀች።

«ሰላም ነው!»

«የግራውስ?»

«ሰላም ነው!»

«የቀኙስ?»

«ሰላም ነው አልኩሽ እኮ!»

የዶሮ ላባ ቆመ። አህያ ጉልበቱን ተጠይቆ በአንድ ቃል? በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም! «ይሄ አህያ አይደለም! መጡ! መጡ! መጡ!»

ውሻ እየጮኸ ሮጠ፤ በሬም ቀንዱን አቅንቶ ተከተለው። ዝንጀሮዎቹ የመጀመሪያውን ዛላ ሲቀነጥቡ ደረሱባቸው። ጦጢት እግሬ አውጪኝ ብላ ጠፋች። ማሽላው ተረፈ። አህያንም ከጉድጓድ አውጥተው ሐረጉን ፈቱለት።

በሬ አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም እኮ ቀንበሩ ማጅራቴን ካቆሰለው ስንት ጊዜ ሆነው። አንድ ሰው እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

«እንዴት ብለን እንጠይቅዎት፣ ጋሽ በሬ?» አለች ዶሮ። «ከልክለውን!»

እናንተም በየቤታችሁ ተቀምጣችሁ በስልክና በኮምፒውተር አብራችሁ የምትሠሩ፣ ስሙኝ። ባልደረባችሁን ሥራውን ብቻ ከጠየቃችሁት «ሰላም ነው» ይላችኋል፤ እሷን ማንም ይላታል። ስለ ልጁ ጠይቁት፣ ስለ ወገቡ፣ ስለሚረብሸው ጎረቤቱ። የቸገረው ቀን ሳይነግራችሁ የምታውቁት ያኔ ነው። የእኔ ተረት እዚህ አበቃ፤ በሉ አሁን እናንተ ተጫወቱ።