የይርዳው መብራትና የደብረ ብርሃኑ ሽምግልና

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን የሚመላለሱ ሾፌሮች በሰው ሲስቁ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ጎማው ያለቀ መኪና ላይ ውድ ቴፕ ያስገጠመ ሲያዩ ይሏታል፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ይዞ ለበረንዳው እብነ በረድ የሚያስነጥፍ ሲያዩም ይሏታል። ብዙዎቹ ከቅድመ አያት የወረደች ይመስላቸዋል። የወጣችው ግን ከአንድ አሮጌ አይሱዙ ባለቤት አፍ ነው። ሰበቧም ይርዳው የሚባል፣ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ እንደ ሥራው ቢሆን ኖሮ አደጋን ከሩቅ ማየት የነበረበት ሰው ነው።

ይርዳው ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረችው። ደህና መኪና ናት። ነዳጅ አትጠይቅም፣ አትጮህም፤ ማታ ግቢው ውስጥ በገመዷ ከሶኬቱ ጋር ትያያዝና ጠዋት ጠግባ ትነሣለች። ሊያገባት የሚፈልጋት ሰናይት የምትባል ልጅም ነበረች። እሷም ደህና ናት፤ ችግሩ አባት አላት።

አባቷ አቶ ወንድይፍራው ሠላሳ ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ፣ በኋላ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው በአይሱዟቸው ጭድ የሚያመላልሱ ሰው ናቸው። “የዘገየ ጭነት ያልመጣ ጭነት ነው” ይላሉ፤ ይህንንም ስለ ጭነት ብቻ አይሉም። በጥቅምት የይርዳው ሽማግሌዎች ሄደው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ፣ አዳምጠው “ከዘመድ ጋር ልምከር” አሉና ለመልስ ቀጠሮ ሰጡ፤ ኅዳር በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በመልስ ቀን የቀረ ጠያቂ ልጅቷን ተውኳት እንዳለ ይቆጠራል። ሁለተኛ ሽማግሌ መላክ ብሎ ነገር የለም።

ይርዳውን ያንገበገበው ግን ቀጠሮው አልነበረም። ያንገበገበው ወጉ ነው። ጠያቂ ልጅ በሽምግልና ቀን የልጅቷን አባት ደጅ አይረግጥም። የእሱ ድርሻ ሽማግሌዎቹን በራፍ ላይ አውርዶ ዞር ማለት ብቻ ነው። ታዲያ እኚያ ሰው የእሱን ሰውነት በምን ያውቁታል? ይህን እያሰበ ሲብሰለሰል ሰናይት በስልክ ወሬዋ መሀል “አባዬ መኪና ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው መብራቱን ነው” አለችው። ልጅቷ መብራቱን በጨርቅ ጥረገው ማለቷ ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ግን በጨርቅ ብቻ አይረካም።

ረቡዕ ዕለት ፈቃድ ወስዶ መለዋወጫ ተራ ሄደ። ሸምሱ የሚባለው ነጋዴ ከካርቶን ውስጥ ሁለት መብራት አውጥቶ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አሳየው።

“ይህ መብራት አይደለም ጌታዬ፤ ይህ አእምሮ ነው” አለ ሸምሱ። “በውስጡ ስንትና ስንት ጥቃቅን አምፖል አለው። መስተዋቱ ላይ የምንገጥመው ካሜራ መንገዱን ያያል። ከፊትህ መኪና ሲመጣ በሰውዬው ዓይን ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ብቻ ያጠፋለታል፤ ግራና ቀኙን እንደ ቀን ያበራዋል።”

“ስሙ ማን ይባላል?”

“አዳፕቲቭ ማትሪክስ ኤል ኢ ዲ።”

ይርዳው ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመው። ስሙ ብቻውን ግማሽ ሚስት የሚያስገኝ መሰለው።

ሸምሱ ገንዘብ አልፈለገም። ገመድ የጠፋበት ደንበኛ በየቀኑ እየመጣ ስለሚያስቸግረው፣ የፈለገው የይርዳውን የቻርጅ ገመድ ከነሣጥኑ ነበር።

“እሱን ከሰጠሁህ በምን ልሞላ ነው?” አለ ይርዳው። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣ ቁም ነገር ይህ ብቻ ነው።

“በየሰፈሩ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ተተክሎ የለም እንዴ? ጣቢያው የራሱ ገመድ አለው። በዚህ ዘመን ገመድ ጭኖ የሚዞር ሰው እኮ ጄሪካን አንጠልጥሎ ነዳጅ የሚለምን ነው የሚመስለው።”

ይርዳው ጄሪካን ያንጠለጠለውን ሰው በዓይነ ኅሊናው አየና አፈረበት። ገመዱን ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ በገዛ እጁ አስረከበ። የሸምሱ ቴክኒሻን ላፕቶፑን ሰክቶ ግማሽ ቀን ከታገለ በኋላ መኪናዋ አዲሶቹን ዓይኖቿን ገለጠች።

ሐሙስና ዓርብ አመሻሽ ላይ ይርዳው የሰፈሩን ሰው በየተራ እያሳፈረ ለገጣፎ ድረስ አመላለሰ። የጎረቤት ግንብ ላይ እያበራ አስጨበጨበ። ቅዳሜ ሊሞላ ጣቢያ ሲሄድ ከፊቱ አሥራ አራት ታክሲ ተሰልፏል። ሦስት ሰዓት ቆሞ አራተኛው ታክሲ ላይ ሲደረስ መብራት ጠፋ። ባትሪው ሃምሳ ስምንት ከመቶ ይላል። ደብረ ብርሃን መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። ይርዳው በከተማ ሜዳ በሚነዳው ሒሳብ አስልቶ “ይበቃል፤ እዚያ ደርሼ እሞላለሁ” አለና ተኛ። ዳገቱን፣ ብርዱንና የሽማግሌዎቹን ክብደት በሒሳቡ አላስገባም።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ጋሽ ልሳኑ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ንግግር አዋቂና የሽማግሌዎቹ አፍ ናቸው። የነፍስ አባቱ ቄስ ምናሴ አሉ። ሦስተኛው የእድሩ ዳኛ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ወንበር ከተመቻቸው ይተኛሉ፤ ወንበሩም ተመቻቸው።

ሰንዳፋን ሲያልፉ ፀሐይ ወጣች። ይርዳው መብራቱን አላጠፋም። አለልቱ ላይ ቄስ ምናሴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ “ልጄ፣ ይቺ መኪና ማሞቂያ የላትም እንዴ?” ሲሉ ከፈተላቸው። ሸኖን ሲያልፉ ባትሪው አሥራ ስድስት ከመቶ ገባ። ይርዳው ዳሽቦርዱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ቀስ ብሎም ማሞቂያውን አጠፋው። መብራቱን ግን አሁንም አላጠፋም።

“መሽቷል እንዴ?” አሉ ጋሽ ልሳኑ።

“ለክብር ነው ጋሼ።”

“ክብሩ በረዶ ሆነብን።”

ጫጫ ከተማ መግቢያ ላይ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ በሰው እርምጃ ሄደች፤ ከአንዲት ትንሽ ሆቴል ፊት ለፊት ቆመች። ደብረ ብርሃን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቀርታለች። ሰዓቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የፊት መብራቶቹ ግን ለብቻዋ ካለችው ትንሿ የመብራት ባትሪ እየጠጡ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ የደብረ ብርሃንን መንገድ ወለል አድርገው ያሳያሉ።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ሽታዬ ደግ ሴት ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ገላግለው ሊልኳቸው ተጣደፉ። “ምን ያስጨንቃችኋል? መብራት እንደሆነ አለ። ሶኬት በየክፍሉ አለ። ገመዳችሁን አምጡና ሰኩት። አንድ ሁለት ሰዓት ብትዘገዩ ደውላችሁ ትነግሯቸዋላችሁ።”

ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞረው ይርዳውን አዩት።

“ገመዱን አምጣው እንጂ” አሉ የእድሩ ዳኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቅተው።

“ገመድ የለም።”

“የት ሄደ?”

ይርዳው በጣቱ መብራቱን አሳየ። ማንም አልገባውም። አስረዳ። ከዚያ ሁሉም ገባቸው። እትዬ ሽታዬ ብቻ ተስፋ ሳይቆርጡ ወደ ውስጥ ገብተው የካውያ ገመድ ይዘው ወጡ። ይርዳው የካውያውን ገመድ ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ኤሌክትሪክ ሞልቶ በተረፈበት አገር፣ ሶኬት አጠገብ ቆሞ፣ ሚስቱን ሊያጣ ነው።

ለሰናይት ደወለ።

“ጫጫ ነን። ባትሪ አለቀ።”

“ታዲያ ሰክታችሁ ትንሽ ሙሉና ኑ። ለአባዬ እነግረዋለሁ።”

“ገመዱ የለም ሰኒ።”

“ተሰረቀ?”

“መብራት ሆነ።”

“አባዬ መብራቱን ነው የሚያየው ስላልኩህ ነው?” አለች፣ ልትስቅም ልታለቅስም በዳዳት ድምፅ። “ጨርቅ እኮ ነው ያልኩህ ይርዳው።” ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ ከመንገዱ ዳር ቆመው ሚኒባስ ሊለምኑ እጃቸውን አወጡ። እሑድ ጠዋት ከሸኖ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ይርዳው ሰዓቱ ሲሞላ አየው። ሁለት ዓመት የጠበቃት ልጅ በዚያች ደቂቃ የሌላ ሰው ሆና ቀረች ብሎ አመነ። ጋሽ ልሳኑ እንኳን የሚናገሩት አጡ፤ ይህ በሕይወታቸው ሁለተኛው ጊዜ ነው ይባላል።

ወደ አራት ሰዓት ግድም ከደብረ ብርሃን በኩል ጭድ የተለጠፈበት አሮጌ አይሱዙ መጥቶ ዞረና ከነጯ መኪና ፊት ቆመ። ጋቢናው ተከፍቶ አቶ ወንድይፍራው ወረዱ። ሰናይት የሆነውን ሁሉ ነግራቸዋለች። ሽማግሌዎቹን እያንዳንዳቸውን ጎንበስ ብለው ጨበጡ። ይርዳው ከመኪናው ኋላ ሊሸሸግ ዞረ፤ ወጉ እንዳይታይ ያዛላ።

“አንተ ነህ?” አሉት።

“አዎ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

አቶ ወንድይፍራው መብራቱ ፊት ተቀምጠው አንዱንም ሌላውንም አዩ፤ በመሐረባቸው ጠራርገውም አዩ። “ንጹሕ ነው” አሉና የጉተታ ገመድ ከጋቢናቸው አወጡ። ሁለቱን መኪኖች ራሳቸው አሰሩ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ገቡ፤ ይርዳው መሪውን ያዘ፤ ጉዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሆነ፣ በኤሊ እርምጃ።

በዚያ ሁሉ መንገድ ሥራውን በትክክል የሠራው ያ መብራት ብቻ ነበር። ካሜራው ከፊት ያለውን አይሱዙ አየ፤ በአይሱዙ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ለብቻው አጠፋ፤ ግራና ቀኝ ያለውን የገብስ ማሳ በጠራራ ፀሐይ አበራ። ሸምሱ አልዋሸም ነበር።

አቶ ወንድይፍራው ግቢ ሲደርሱ የሰናይት አጎቶችና አክስቶች በረንዳው ላይ ቆመው ጠበቋቸው። መቼም የዚያን ቀን ያልሳቀ ዘመድ አልነበረም። ሰናይት በመስኮት አየችው፤ አልሳቀችም፤ ይህም እሱን የባሰ አሳፈረው። ይርዳው መኪናው ውስጥ ቀረ። የእድሩ ዳኛ ወጉ መጣሱ አሳስቧቸው “ልጁ እንግዲህ ደጅዎን ረገጠ፤ ይህስ እንዴት ይሆናል?” ሲሉ፣ አቶ ወንድይፍራው “አልረገጠም። ተጎትቶ ነው የገባው፤ ጭነት ነው” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። መልስ ሳያገኙ አይቀመጡም። ጋሽ ልሳኑ አንደበታቸው ተመለሰላቸው።

“አቶ ወንድይፍራው፣ ዘግይተናል፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁ ግን ያደረገው እርስዎን ለማክበር ብሎ ነው። መብራቱን ያስገጠመው ለእርስዎ ዓይን ነው። ይማሩትና መልስዎን ይንገሩን።”

አቶ ወንድይፍራው ብዙ አላሰቡም። “መብራቱን በስፖኪዮዬ ሳየው ነው የመጣሁት። ጨዋ መብራት ነው፤ ታላቁን ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል። እንደዚያ ያለ መብራት በአሰብ መንገድ ብናገኝ ኖሮ ብዙ ጓደኛ ባልሞተብኝ።” ከዚያ ወደ መልሱ አለፉ። “ልጄ መርጣዋለች፤ አልከለክላትም። ተቀመጡ። የሠርጉን ቀን ግን ዛሬ አልቆርጥም። ገመዱን አስመልሶ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ በሦስት ሰዓት እዚህ ደጅ ላይ ሲቆም ያን ጊዜ እቆርጣለሁ።”

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተቀመጡ። ወፍራሙ ዳኛ ወዲያው ወንበሩ ተመቻቸው። ቄስ ምናሴ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ጋሽ ልሳኑ ወደ ውጭ እያመለከቱ ጠየቁ።

“እሱ እዚያ በጭንቀት ሊሞት ነው። ምን አሉ ብለን እንንገረው?”

አቶ ወንድይፍራው በመስኮቱ አሻግረው ነጯን መኪና አዩ።

“በሉት፦ እግሩን ሸጦ ዓይን የገዛ፣ የማይደርስበትን አገር አጥርቶ ያያል።”